«ማድ አዝ ኤ ሃተር»፦ ባርኔጣ ሰሪ ለምን እብድ ተባለ?

ቃል ፈላጊ

ሰላም ለዚህ ቤት። እንግሊዝኛ ውስጥ «ማድ አዝ ኤ ሃተር» የሚል አነጋገር አለ፤ ቃል በቃል ሲፈታ «እንደ ባርኔጣ ሰሪ ያበደ» ማለት ነው። በየድረ ገጹ የሚዞረው ማብራሪያ አንድ ነው፦ ባርኔጣ ሰሪዎች በሜርኩሪ እየተመረዙ ያብዱ ነበር፣ አባባሉም ከዚያ ወጣ ይላል። ሦስት ነገር እንዲብራራልኝ እፈልጋለሁ። ባርኔጣንና ሜርኩሪን ምን አገናኛቸው? አባባሉ እውነት ከዚያ ነው የመጣው ወይስ ምክንያቱ ኋላ ላይ የተለጠፈ ነው? ወደ አማርኛ ሲመለስስ ምን ይባል? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ብትጽፉ ለሁላችንም ይቀላል።

ደጋን

የመጀመሪያውን ልውሰደው። ብዙው ሰው «ሜርኩሪ ነው» ብሎ ዘሎ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው።

ባርኔጣው የሚሠራበት ፌልት አይፈተልም፣ አይሸመንም። የእንስሳ ፀጉር በሙቀት፣ በእርጥበትና በማሸት እርስ በርሱ ተጠላልፎ የሚጠብቅ ጨርቅ ነው። ፀጉር በማጉያ ሲታይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ ገላ አለው። ሲታሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፣ ልመለስ ሲል ግን ቅርፊቱ ይይዘዋል። ስለዚህ በታሸ ቁጥር እየገባ ይጠብቃል እንጂ አይፈታም። የሱፍ ሹራብ በፈላ ውሃ ታጥቦ የሕፃን ልብስ አክሎ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ለዚህ ሥራ ቢቨር የሚባለውን የውሃ ዳር እንስሳ ፀጉር የሚያህል አልነበረም። ከላይኛው ሻካራ ፀጉር ሥር ያለው ልስልሱ በተፈጥሮው ይያያዛል። ቢቨሩ በአደን ብዛት እየተመናመነና እየተወደደ ሲሄድ ሠሪዎቹ ወደ ጥንቸል ዞሩ። የጥንቸል ፀጉር ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ቀጥ ያለና የሚያንሸራትት ስለሆነ ብቻውን በደንብ አይያያዝም። መላው ሜርኩሪን፣ የድሮ ሰዎች ባዜቃ የሚሉትን፣ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ ፀጉሩን መቀባት ሆነ። ፈረንሳዮች ሥራውን «ሴክሬታዥ» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ የባለሙያ ምስጢር እንደነበረ ይናገራል። እንግሊዞች ደግሞ «ካሮቲንግ» አሉት። የተቀባው ቆዳ በሙቀት ሲደርቅ የፀጉሩ ጫፍ የካሮት ቀለም ስለሚይዝ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ከጥንቸሉ ቆዳ ላይ ረጅሙና ሻካራው ፀጉር ይነጫል። ከዚያ ቆዳው ጠረጴዛ ላይ ፀጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ይዘረጋና ውህዱ በብሩሽ፣ ጫን እየተባለ ይቀባል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተመ አንድ የሙያ መጽሐፍ መጠኑን 32 እጅ ሜርኩሪ ለ500 እጅ ናይትሪክ አሲድ አድርጎ፣ እንደ አሲዱ ጉልበት የውህዱን ግማሽ ወይም ሁለት ሦስተኛ ያህል ውሃ ይጨመርበት ይላል። የተቀቡት ቆዳዎች ፀጉር ለፀጉር ገጥመው ሁለት ሁለት እየሆኑ በጋለ ክፍል ውስጥ ይደርቃሉ። ከደረቁ በኋላ ፀጉሩ ከቆዳው ተቆርጦ ይነሳል።

አሁን የሚመጣውን የእኛ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። እኛ ጥጥ በደጋን እንደምንነድፈው እነሱም የተቆረጠውን ፀጉር በደጋን ይነድፉት ነበር። የእነሱ ደጋን ሁለት ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ጅማቱ ከእንስሳ አንጀት የተሠራ ነው፣ ከጣሪያ ላይ ይንጠለጠላል። ጅማቱ ሲመታ ፀጉሩ ይበተንና ስስ ንብርብር ሆኖ ይተኛል። ንብርብሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጭኖ እንደ ትልቅ ሾጣጣ ቆብ ይቀረጻል። ይህ ሾጣጣ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ወደገባበት የፈላ ውሃ እየተነከረ፣ በጋኑ ዙሪያ በተደረደረው ተዳፋት ሳንቃ ላይ እየተጠቀለለ ይታሻል። አንድ ጋን ከስድስት እስከ ስምንት ሠራተኛ ይከብበዋል። ሾጣጣው ግማሹን ያህል እስኪሟሽሽ ድረስ ሥራው አይቆምም። በመጨረሻ ቀለም ይነከራል፣ ሼላክ በሚባል ሙጫ ይደድራል፣ በእንፋሎት ለስልሶ በእንጨት ፎርማ ላይ ይወጠራል፣ በካውያ ይተኮሳል።

ሜርኩሪው የሚወጣበትን ቦታ ቁጠሩ። ሲደርቅ ይተናል። ሲቆረጥና ሲነደፍ ከብናኙ ጋር ይበራል። ጋኑ ላይ ከእንፋሎቱ ጋር ይነሳል። ፎርማ ላይና ካውያ ሥር ደግሞ ሙቀቱ እንደገና ያስለቅቀዋል። ስለዚህ የሚመረዘው ቀቢው ብቻ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ካውያ የያዘው ሰው፣ የሜርኩሪ ጠርሙስ በዓይኑ ሳያይ፣ ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሰው ይውላል። በ1846 አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ዌልስ በተበሳ የመዳብ ሾጣጣ ላይ ፀጉሩን በአየር እየሳበ የሚያስቀምጥ ማሽን አስመዘገበ። ደጋኑ እየቀረ ሄደ፣ ሜርኩሪው ግን ቀጠለ።

ቃል ፈላጊ

ደጋን፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ፦ ሠራተኞች ፀጉሩን በሽንት ይነክሩ ነበር፣ ከመካከላቸው ቂጥኝ ይዞት በሜርኩሪ ሲታከም የነበረ አንድ ሰው የነከረው ፌልት ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ፣ የሜርኩሪ ነገር በዚያ ታወቀ የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው?

ደጋን

ማስረጃ የሌለው ጨዋታ ነው። ሰውየው ስም የለውም፣ ከተማ የለውም፣ ዘመን የለውም። በታከመ ሰው ሽንት ውስጥ ሜርኩሪ መውጣቱ እውነት ነው፣ ፀጉሩን ለማንቃት የሚሠራው ግን የናይትሪክ አሲዱና የሜርኩሪው ጥምር ነው። የሙያውን ምስጢር ለማጣፈጥ የተፈጠረ ተረት ብላችሁ እለፉት።

ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ

ጥምሩ ምን እንደሚሠራ ልጨምር። ፀጉር ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። ኬራቲንን ቀጥ አድርጎ የያዘው በሰልፈርና በሰልፈር መካከል ያለ ማሰሪያ ነው። የናይትሪክ አሲዱና የሜርኩሪው ጨው ይህን ማሰሪያ ይበጥሳሉ። የተቀባው ጫፍ ብቻ ስለሚለሰልስና ሥሩ ጠንካራ ሆኖ ስለሚቀር ፀጉሩ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይጠመዘዛል። የተጠመዘዘ ፀጉር ደግሞ ጎረቤቱን ይይዛል። ውህዱ ከበዛ ወይም ምድጃው ከጋለ ሥሩም ይበላሻል፣ ፀጉሩ ይሰባበራል፣ ባርኔጣው ሲለበስ ይበናል። ካነሰ ደግሞ ጋኑ ላይ ሲታሽ ውሎ አይጠብቅም። የቀቢው ሙያ እዚህ መካከል ላይ ነበር።

ስለ መርዙ ደግሞ ቁጥሩን ማየት ይበጃል። ሜርኩሪ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ ለመትነን ግን መፍላት አያስፈልገውም። 20 ዲግሪ በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ ሜርኩሪ ተከፍቶ ቢቆይ አየሩ በኪዩቢክ ሜትር እስከ 13 ሚሊ ግራም አካባቢ ሊይዝ ይችላል። ዛሬ የአሜሪካ የሥራ ቦታ ጤና ባለሙያዎች ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚመክሩት ጣሪያ 0.025 ሚሊ ግራም ነው። አምስት መቶ እጥፍ ማለት ነው፣ ያውም ምድጃ ሳይነድ።

የተዋጠ ፈሳሽ ሜርኩሪ አብዛኛው ሳይሰርግ በሰገራ ይወጣል። በትንፋሽ የገባው ተን ግን ሰማንያ በመቶ ያህሉ በሳንባ በኩል ደም ውስጥ ይቀራል። ተኑ ኤሌክትሪክ ሙል የለውም፣ ስብ ውስጥ ይሟሟል፣ ስለዚህ ወደ አንጎል ሲገባ የሚያግደው የለም። እዚያ ከደረሰ በኋላ ኦክሲጅን ያገኘዋልና ሙል ይይዛል፤ ያን ጊዜ መውጫው ይዘጋል። ነገሩ ያለው በመግቢያውና በመውጫው ልዩነት ላይ ነው።

ነርቭ

በሽታውን እኔ ልቀጥል፤ ለክርክሩ የሚጠቅመው የምልክቶቹ ዓይነት ስለሆነ።

ቀድሞ የሚታየው አፍ ላይ ነው፦ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ ምራቅ ይበዛል፣ ጥርስ ይነቃነቃል። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ከጣት ጫፍ፣ ከዓይን ቆብ፣ ከከንፈርና ከምላስ ይጀምርና ወደ ክንድና እግር ይወርዳል። ሰውየው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይቀንሳል፣ አንድ ነገር ላንሳ ሲል ይብሳል። ሐኪሞች የሚፈትሹት በእጅ ጽሕፈት ነበር፤ ፊርማው ከወር ወር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። በባርኔጣ ከተማነቷ በታወቀችው በዳንበሪ፣ ኮኔቲከት፣ ሕዝቡ «የዳንበሪ መንቀጥቀጥ» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር።

ሦስተኛው የጠባይ ለውጥ ነው፣ ኤሬቲዝም ይባላል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የተመረዘው ሰው የሚጮህና ልብሱን የሚቀድ እብድ አይደለም። ከልክ ያለፈ ዓይን አፋር ይሆናል። ሰው ሲያየው ፊቱ ይቀላል፣ እጁ ይታሰርበታል። አለቃው አጠገቡ ከቆመ የለመደውን ሥራ ያበላሻል። እንቅልፍ ያጣል፣ ይረሳል፣ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከሰው ይሸሻል። አንዳንዴ በትንሽ ነገር ቱግ ይላል፣ ወዲያው ደግሞ ይሸማቀቃል።

አሜሪካ ውስጥ በሕክምና ጽሑፍ ይህን በባርኔጣ ሰሪዎች ላይ በዝርዝር ያወጣው ጄ. አዲሰን ፍሪማን የተባለ የኒው ጀርሲ ሐኪም ነው። በ1860፣ ኦሬንጅ በምትባለው የባርኔጣ ፋብሪካዎች ከተማ ያየውን ጻፈ፣ የፋብሪካው አየር እንዲናፈስም መከረ። ሰሚ አላገኘም። አሜሪካ ውስጥ ሜርኩሪ ከፌልት ሥራ የወጣው ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1941 ነው። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚሠራ ምትክ ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ጦር ሠራዊቱ ሜርኩሪውን ለጥይትና ለፈንጂ መለኮሻ ይፈልገው ነበር። የሠራተኛው ጤና ብቻውን ቢሆን ኖሮ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር የሚለውን ለእናንተ ልተው።

መዝገበ ቃል

ደጋንም ነርቭም የተናገሩት ትክክል ነው። አባባሉ ከዚያ መጣ ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሰነዱን እንይ።

እስካሁን በኅትመት ከተገኙት የመጀመሪያው በ1829 ኤዲንብራ በሚታተም «ብላክውድስ» በሚባል መጽሔት ላይ ያለው ነው። ጨዋታው የጓደኞች ወግ ነው። አንዱ የሌለ ሱልጣንነቱን እየቆጠረ ሲቀባጥር ሌሎቹ በሹክሹክታ ይነጋገራሉ። አንዱ «ይቃዣል» ይላል፣ ሁለተኛው በስኮትኛ «አብዷል» ይላል፣ ሦስተኛው «ማድ አዝ ኤ ሃተር» ብሎ ሲጋራ እንዲያቀብሉት ይጠይቃል። ማብራሪያ አልተሰጠም። አንባቢው አስቀድሞ እንደሚያውቀው ተቆጥሯል፣ ስለዚህ በአፍ ከዚያ በፊት ይነገር ነበር።

ሁለተኛው በ1830ዎቹ የኖቫ ስኮሻው (ካናዳ) ጸሐፊ ሃሊበርተን የጻፈው ነው። እዚያ አንዲት እህት ተቆጥታ ከክፍሉ ስትወጣ «ማድ አዝ ኤ ሃተር» ሆና ወጣች ይላል። በ1850 አካባቢ እንግሊዛዊው ታከሪ የጻፈው ላይ ደግሞ መኮንኖች አንዱን ባልደረባቸውን ሲያሾፉበት ውለው እንደዚሁ ሆነ። ሁለቱም ቦታ ነገሩ ንዴት እንጂ እብደት አይደለም። «ማድ» ዛሬም በአሜሪካ የተናደደ፣ በብሪታንያ ይበልጥ ያበደ ነው እየተባለ ይነገራል፤ ታከሪ ግን ለንደን ላይ ሆኖ ለንዴት ተጠቅሞበታል።

ከእነዚህ ጽሑፎች አንዳቸውም ሜርኩሪ አያነሱም። ፍሪማን የጻፈው ከ1829 ሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፣ ውቅያኖስ ማዶ ነው። መንቀጥቀጡ በየሠፈሩ ይታይ ስለነበር ሕዝቡ ከሐኪሙ ቀድሞ አስተውሎ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አልክድም። የሜርኩሪው ማብራሪያ የሚያስኬድ ግምት ነው። «ከዚያ መጣ» ብሎ በእርግጠኝነት መጻፍ ግን ልክ አይደለም።

ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ

መዝገበ ቃል፣ ከሜርኩሪ ሌላ የሚያሳምን ማብራሪያ ካለ አሳየን። በአንድ ሙያ ላይ የነርቭ በሽታ አለ፣ የዚያው ሙያ ስም የያዘ የእብደት አባባል አለ። ገጣጥሞ ማየት ኃጢአት ነው እንዴ?

መዝገበ ቃል

ኃጢአት አይደለም፤ ከመገጣጠም ያለፈ ነገር ገና አልተገኘም ነው ያልኩት። ሌሎቹ ማብራሪያዎች ደግሞ ከዚህም ይደክማሉ። አንድ በአንድ ልጣላቸው።

አንደኛው፣ ነገሩ ባርኔጣ ሳይሆን እባብ ነው ይላል። በድሮ እንግሊዝኛ መርዝ «አተር» ይባላል (ሽሮ እንዳታስቡ)፣ «አደር» ደግሞ እባብ ነው፣ «ሃተር» ከዚያ ተጣሞ መጣ ይላሉ። ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። የእባቡ ስም ከ«አተር» አልመጣም። በድሮ እንግሊዝኛ መጀመሪያው ላይ «ን» የነበረው «ናደር» የሚመስል ቃል ነበር፣ «ኤ ናደር» ሲባል «ን»ዋ ወደ ቀደመው ቃል ተጠግታ «አን አደር» ሆነ። ጀርመንኛ «ናተር» ብሎ «ን»ውን እስካሁን ይዞታል። እንግሊዝኛ እባብን የሚያነጻጽረው ደግሞ ባለመስማት ነው፤ «እንደ እባብ ደንቆሮ» ይላሉ። ምንጩን የዳዊት አንባቢ ያውቀዋል፦ ጆሮዋን የምትደፍነው እባብ፣ በአዲሱ ቁጥር መዝሙር 58፥4።

ሁለተኛው ፈረንሳይኛ «እንደ ኦይስተር (ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) ያስባል» ከሚለው ተጣሞ የመጣ ነው ይላል፤ በፈረንሳይኛ ኦይስተር «ዊትር» ነው። ከጆሮ ቅርበት ሌላ ምንም አልያዘም።

ሦስተኛው ሮጀር ክራብን ይጠራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቼሻም በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የኖረ ባርኔጣ ሻጭ ነው። ያለውን ለድኻ አከፋፍሎ ሥጋና መጠጥ ትቶ ቅጠላ ቅጠል እየበላ ኖረ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጭንቅላቱን ተመትቶ ነበር። ታሪኩ እውነት ነው፣ ሰውየው ግን የሞተው በ1680 ነው። ከእሱ ሞት እስከ 1829 ድረስ ያለውን ክፍተት የሚሞላ ጽሑፍ የለም።

ስለዚህ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የሜርኩሪው ይሻላል። ከደካሞች መሻል ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

ነርቭ

እዚህ ላይ መዝገበ ቃልን እደግፋለሁ፣ በሌላ ምክንያት። ብዙ ሰው አባባሉን የሚያውቀው ሉዊስ ካሮል በ1865 ባሳተመው፣ አሊስ የምትባል ልጅ በድንቅ አገር ስትዞር በሚተርከው የልጆች መጽሐፍ ነው። የዚያን ታሪክ ባርኔጣ ሰሪ ከኤሬቲዝም ጋር አስተያዩት። ሰውየው ተሳዳቢ፣ ተናጋሪ፣ እንቆቅልሽ ጠያቂ፣ በእንግዳ ፊት የማይሸማቀቅ ነው። በ1983 ኤች. ኤ. ዋልድሮን በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ በዚሁ ምክንያት የአሊስ ባርኔጣ ሰሪ በሜርኩሪ የተመረዘ አይመስልም ብሎ ጽፏል። «በፍርድ ቤቱ ምዕራፍ ጫማው እስኪወልቅ ተንቀጥቅጧል፣ የሻይ ስኒውን ነክሷል» የሚል ሰው ይኖራል። እዚያ የሚንቀጠቀጠው ንግሥቲቱ ስታፈጥበት ፈርቶ ነው።

መዝገበ ቃል

በነገራችን ላይ ካሮል ጽሑፉ ውስጥ «እብዱ ባርኔጣ ሰሪ» ብሎ አንድም ቦታ አልጠራውም። «ባርኔጣ ሰሪው» ብቻ ነው የሚለው፤ እብድነቱን የምትነግረን በታሪኩ ውስጥ ያለችው ተናጋሪ ድመት ናት። አጠገቡ ያስቀመጠለት ጥንቸል የሌላ አባባል ባለቤት ነው። «እንደ ማርች ጥንቸል ያበደ» የሚለው ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለ። በማርች የዱር ጥንቸሎች ሜዳ ላይ በኋላ እግራቸው ቆመው ሲቧቀሱ ይታያሉ፣ ብዙውን ጊዜ ሴቷ ወንዱን ስትገፋ ነው። ካሮል ሁለት የታወቁ አባባሎችን ሥጋ አልብሶ አንድ ማዕድ ላይ አስቀመጣቸው። ባርኔጣ ሰሪውን የፈጠረው አባባሉ እንጂ ፋብሪካው አይደለም።

ደጋን

አንድ ትንሽ ነገር ከሙያው በኩል። ቴኒየል ለአሊስ መጽሐፍ በሳለው የባርኔጣ ሰሪው ሥዕል ላይ የምናየው ረጅሙ ባርኔጣ ነው። በ1865 ያ ዓይነት ባርኔጣ ባብዛኛው ፌልት አልነበረም። በሼላክ በደደረ ስስ ጨርቅ ላይ የሐር ከፈይ ተለብጦ የሚሠራ ነበር። ሐር ደግሞ ካሮቲንግ አያስፈልገውም። የሜርኩሪ ማስረጃ ተብሎ በየቦታው የሚለጠፈው ሥዕል ምናልባት ሜርኩሪ ያልነካው ባርኔጣ ነው።

ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ

ይህን አላሰብኩትም ነበር። በዚህ ተሸንፌያለሁ። መንቀጥቀጡን ግን አልለቅም።

ሣጥን ከፋች

ይቅርታ፣ ነገሩን ወደ ቤት ላምጣው። ከአያት ከቅድመ አያት የቆየ፣ የውጭ አገር ምልክት ያለበት የፌልት ባርኔጣ ሣጥን ውስጥ ያለው ሰው ምን ያድርግ? አሁንም ሜርኩሪ ይኖርበታል?

ደጋን

ሊኖርበት ይችላል። በሙዚየሞች ያሉ የድሮ ፌልት ባርኔጣዎች ተመርምረው ሜርኩሪ እንደያዙ ተገኝቷል። መጀመሪያ ዓይነቱን ይለዩ። ከበግ ሱፍ የተሠራ ርካሽ ፌልት ሻካራ ነው፣ ይህ ሕክምና ብዙም አይደረግለትም። ለስላሳ፣ ከላዩ እንደ ከፈይ የሚዳሰስ፣ ከ1941 በፊት በአሜሪካ የተሠራ የጥንቸል ወይም የቢቨር ፌልት ከሆነ እንዳለበት ቆጥረው ይያዙት። አውሮፓ ውስጥ ሜርኩሪው የቀረበት ጊዜ ከአገር አገር ስለሚለያይ ለዚያ የ1941ን መስመር አይመኑ።

በእንፋሎት አያቅኑት፣ በካውያ አይተኩሱት፤ የተጣመመ ባርኔጣ ሲያዩ እጅ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ፀሐይ የሚመታው መኪና ውስጥም አይተዉት። ሲነኩት የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ ብናኙን በቤት ቫክዩም አይምጠጡ። ወፍራም ላስቲክ ከረጢት ውስጥ አሽገው ቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ፣ ላዩ ላይ «አይከፈት» ብለው ይጻፉበት፣ ለልጆች መጫወቻ አይስጡ። እርግጡን ማወቅ ካስፈለገ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የሚመረምር መሣሪያ ባርኔጣውን ሳይጎዳ በደቂቃዎች ይነግራል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ባርኔጣ ሰው ያንቀጠቅጣል ማለት ግን አይደለም፤ ፋብሪካው ሌላ ነው።

አዲስ ገቢ

የሰውነት ሙቀት መለኪያ ሲሰበርስ? ያው ሜርኩሪ አይደለም?

ፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ

ነው፣ አንድ ግራም አካባቢ። በመጥረጊያ አትጥረጊው፣ ፍንጥቅጣቂውን ታበዢዋለሽ። ቫክዩም ደግሞ ያሞቀውና ወደ አየር ይነፋዋል። ልጆችን አስወጪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ ወደ ሌላው ቤት የሚያስገባውን የክፍሉን በር ዝጊ። ጠብታዎቹን በሁለት ጠንካራ ወረቀት እየገፋሽ አንድ ላይ ሰብስቢ፣ ትንንሾቹን በፕላስተር ማጣበቂያ አንሺ፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ዝጊ። በባትሪ መብራት ከጎን ስታበሪ የቀረው ያብረቀርቃል። ምንጣፍ ላይ ከፈሰሰ ያን ቦታ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል።

አወያይ

ወዳጆች፣ ወደ ርዕሳችን እንመለስ። ቃል ፈላጊ የጠየቀው ሦስተኛው ነገር ገና አልተነካም።

ሁለት ልሳን

ለእኔ የቀረ ይመስላል። «እንደ ባርኔጣ ሰሪ ያበደ» ብሎ መተርጎም አማርኛ አይሆንም። አንባቢው ባርኔጣ ሰሪው ማን ነው፣ የት ነው ብሎ ይፈልጋል። ቀድሞ መለየት ያለበት የትኛው «ማድ» ነው የሚለው ነው፣ መዝገበ ቃል ያመጣቸው ሦስቱ ጽሑፎችም ይህን ያሳያሉ።

የ1829ኙ ላይ ሰውየው ስለሌለ ሱልጣንነት ይቀባጥራል። እዚያ «ለይቶለታል፤ እስቲ ሲጋራውን አቀብለኝ» ማለት ይበቃል። ማነጻጸሪያው ባይኖርም የአነጋገሩ ቅለት ይቀራል፣ ዋናውም እሱ ነው። «ጨርቁን የጣለ» ግን እዚህ አይሄድም። የእኛው ጨርቁን የጣለ እብድ ጎዳና የወጣ ነው፣ ሲታይ ልብ ይነካል። እንግሊዝኛው ደግሞ የሚያሾፍ ነው።

የሃሊበርተንዋ እህት ስትወጣ «አራስ ነብር መስላ ወጣች» ብለው ይቀበላታል። የታከሪን መኮንን «እሳት ጎርሶ እሳት እስኪለብስ አሾፉበት» ብዬ እመልሰው ነበር፣ ትንሽ ቢገንም።

ዛሬ እንግሊዞች ስለ አንድ አጎታቸው «ማድ አዝ ኤ ሃተር» ሲሉ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ሰውየው አላበደም፣ አልተናደደም። ሃያ ድመት ያሳድጋል፣ በክረምት ቁምጣ ይለብሳል። ይህ «ወፈፍ ያደርገዋል» ነው፣ ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ቃል ፈላጊ

ሁለት ልሳን፣ እናመሰግናለን። ግን የአሊስ ላይ ማነጻጸሪያውን ብታወጪው ሰውየው ራሱ ይጠፋል። ጨዋታው የቆመው በባርኔጣው ላይ ነው።

ሁለት ልሳን

እሱ ልክ ነው። እዚያ ባርኔጣው ይቀራል፣ የምለውጠው እብደቱን ነው። «ወፈፌው ባርኔጣ ሰሪ» ብለው አንባቢው ሰውየውን ያየዋል፣ የእንግሊዝኛውን አባባል ባያውቅም አይቸገርም። ጥንቸሉን ግን «የመጋቢት ጥንቸል» ብል ወሩ ለእኛ ምንም አይነግረንም፤ «የወረተበት ጥንቸል» ብዬ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ሐሳብ ያለው ይጻፍ።

ደጋን

ባርኔጣው ላይ ያለችውን ካርድም አትርሺ። «በዚህ ዓይነት፣ 10/6» ይላል። ብዙ ሰው ቀን ወይም የመጽሐፍ ምዕራፍ ይመስለዋል። ዋጋ ነው፦ አሥር ሽልንግ ከስድስት ፔኒ። ጊኒ የሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ 21 ሽልንግ ስለሆነ ልክ ግማሽ ጊኒ ይመጣል። ሰውየው ራሱ ባርኔጣዎቹ የሚሸጡ ናቸው፣ የራሴ የለኝም ይላልና ካርዱ የመደብር ምልክት ነው።

ሁለት ልሳን

አይቼዋለሁ፣ እንደውም ያስቸገረኝ እሱ ነው። «አሥር ሽልንግ» ብዬ ብጽፍ የአዲስ አበባ ሰው ሽልንግን ሃምሳ ሳንቲም ብሎ ስለሚያውቅ ባርኔጣው በአምስት ብር የሚሸጥ ይመስለዋል። ለጊዜው «ግማሽ ጊኒ» ላይ ቆሜያለሁ።